ሳላያት ስትራመድ

ፍየል ማስራመድ ቀላል ነው የሚል ካለ መጥቶ ያስራምድልኝ። እኔ ስልችት ብሎኛል። ሥራዬ እንስሳት እንዴት እንደሚራመዱ ማጥናት ነው፤ የትኛው እግር ምን ያህል ክብደት እንደሚሸከም፣ ጉልበት የቱ ጋ እንደሚታጠፍ። ሲወራ ያምራል፤ ውሎው ግን ፍየል መለማመጥ ነው። በቤተ ሙከራችን ረጅም መተላለፊያ ወለል ውስጥ ሁለት የብረት ሰሌዳዎች ተከታትለው ተቀብረዋል። የረገጣቸውን እግር ክብደት እየለኩ ወደ ኮምፒውተሩ ይልካሉ። ፍየሏ ሐሳቧን ጥላ መንገዷን ስትሄድ ከረገጠቻቸው መልካም። እኛን እያየች ከረገጠች ግን ያ እርምጃ ውሸት ስለሆነ ይጣላል። “ወይዘሮ” የምንላት ነጭ ፍየል ሰሌዳውን ስትረግጥ ቅጠል እንደሚሰጣት ስለነቃች፣ እላዩ ላይ ተገትራ እኛን መጠበቅ ጀምራለች። በእሷ የለፋሁት ሁሉ ገደል ገባ።

እናቴ ከቤቷ ደረጃ ላይ የወደቀችው እንግዲህ በዚህ መሐል ነው። ዳሌዋ ተሰብሮ ቀዶ ጥገና ተደረገላት፤ ከሆስፒታል ስትወጣ እኔ ቤት ገባች። ትንሽ ቆማ መሄድ ስትጀምር “ወደ ቤቴ መልሱኝ” የሚል ነገር አመጣች። ታላቅ ወንድሜ ደወለልኝ።

“ብቻዋን መኖር ትችላለች? ያን ደረጃ ትወጣዋለች?”

“እኔ ምን አውቄ?”

“አንቺ አይደለሽ እንዴ የእግር አዋቂዋ?”

“የፍየል!”

“ያው ነው። ትችላለች ካልሽ እሑድ መኪና ይዤ እመጣለሁ። አንቺ ያልሽው ይሆናል።”

የእኔ ወንድም እንዲህ ነው። መኪናው የእሱ፣ ጣጣው የእኔ።

እናቴን በየምሽቱ አየኋት። ከሥራ ስገባ ቦርሳዬን እንኳ ሳላወርድ ሶፋው ላይ ዘፍ እላለሁ። እሷ ብድግ ትልና ወገቧን ቀጥ አድርጋ ወደ ማእድ ቤት ሄዳ ውኃ ታመጣልኛለች። “እዪኝ እንግዲህ፣ አንቺ ምሁር!” ትለኛለች። አያለሁ። እርምጃዋ እኩል ነው፣ እንከን አይወጣለትም። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ፤ ደስታዬም ለእሷ ብቻ አልነበረም። ደክሞኛል። ትሂድልኝ አላልኩም፣ ብትሄድ ግን ትንሽ አርፋለሁ ብያለሁ። ይህቺን ለማንም አልተነፈስኳትም። ለወንድሜ “ትችላለች” አልኩት።

ቅዳሜ ቤት የምታግዘን ልጅ ቀረች፤ እናቴን ብቻዋን ከምተዋት ብዬ ወደ ሥራ ይዣት ሄድኩ። ወንበር ላይ ተቀምጣ ከወይዘሮ ጋር ስታገል ታዘበችኝ።

“ያን ሁሉ ዘመን የተማርሽው ፍየል ለማስኬድ ነው?”

“እንዴት እንደምትሄድ ለማወቅ ነው፣ እማዬ።”

“ምነው እኔን ብትጠይቂኝ? በአራት እግሯ ነው።”

ፍየሎቹን ወደ በረታቸው መልሼ፣ ለእናቴ ጀርባዬን ሰጥቼ በጠጣቸውን መጥረግ ጀመርኩ። መጸዳጃ ቤቱ የት እንደሆነ ጠየቀችኝ። ቀና ሳልል “በመተላለፊያው ቀጥ ብለሽ፣ መጨረሻው ላይ” አልኳት።

ጠርጌ ስጨርስ ኮምፒውተሩን ልዘጋ ሄድኩ። ስክሪኑ ላይ አዲስ መስመር ተስሏል። የመጀመሪያው ሰሌዳ መስመር ሽቅብ እስከ ላይ ወጥቷል፤ የሁለተኛው ግን ገና ብቅ እንዳለ ወድቋል። ገመድ የተነቀለ መሰለኝ። ገመዱን አየሁ፣ ደህና ነው። ሰሌዳውን ወደ ዜሮ መልሼ እላዩ ላይ ቆምኩ፤ ክብደቴን ልክ አድርጎ ነገረኝ፣ ያውም ሳልጠይቀው መጨመሬን። ፍየሎቹ እንዳልል ተዘግቶባቸዋል፣ ደግሞም ይህን ያህል የሚመዝን ፍየል የለንም። በዚያ ያለፈችው እናቴ ብቻ ናት። አንዱ እግር ያልተሸከመው ክብደት የት ሄደ? ለፍየሎቹ መንገድ እንዲሆን ያቆምነው አጥር ላይ ነበር። እናቴ እሱን ተደግፋ፣ ማንም አያየኝም ብላ ነው ያለፈችው።

መጸዳጃ ቤቱ ተከፈተ። እያየኋት መሆኑን ስታይ እጇን ከአጥሩ ላይ አነሳች፤ ወገቧን አቀናች፣ አገጯን ከፍ አደረገች፤ ያንን እኩል እርምጃዋን ጀመረች።

“ቁሚ!” አልኳት። “እግርሽን ያምሻል አይደል?”

“ማን አለ?”

“ወለሉ።”

ወደ እግሯ ሥር አየች። “አሳባቂ!” አለችው።

“እማዬ፣ አትቀልጂ። ከመቼ ጀምሮ ነው?”

“መቼ ተወኝና።”

ጮህኩባት። “ነገ ደረጃ ላይ ብቻሽን ልንተውሽ ነበር እኮ! ለምን አልነገርሽኝም?”

አጥሩን መልሳ ያዘችው። “ማታ ማታ ስትገቢ ፊትሽን አየዋለሁ” አለች። “ጫማሽን ለማውለቅ እንኳ አቅም የለሽም። እኔን ደግሞ ልጨምርብሽ? ቤቴ ናፍቆኝ መሰለሽ? ያን ደረጃ ገና ሳስበው ይዘገንነኛል።”

አፈርኩ። አልደከመኝም ልላት ፈልጌ ነበር፤ አታምነኝም።

“ደክሞኛል” አልኳት። “ቢሆንም የትም አትሄጂም።”

“ወንድምሽስ?”

“እሱን ለእኔ ተዪው።”

ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች፤ ትከሻዋም ወረደ።

“በይ እንግዲህ፣ ካወቅሽ አይቀር ላንክስ” አለች።

እያነከሰች መጣች። በየእርምጃው መላ ሰውነቷ ወደ አንድ ጎን ይዘነበላል፤ ኮምፒውተሩ ላይ ካየሁትም ይብስ ነበር። እኔ ጋ እስክትደርስ አልተሸማቀቀችም።