የዲሹ ኮኔክተር

ልጄ ሃኒ የኮሌጇን የመገናኛ ሬዲዮ ተውሳ መጣች። በማግስቱ ጠዋት ራሷ በሠራችው አንቴና አስተማሪዎቿ ፊት ትፈተናለች። ሬዲዮው ቢቃጠል መመረቋ ይቀር ነበር፤ የምንተካበት አቅም የለንም።

የአንቴናውን ገመድ ከሬዲዮው ጋር የሚያገናኘው ኮኔክተር ተሰበረባት። እሷ አንቴናውን ጣሪያ ላይ እስክታስር እኔ ልግዛ አልኩ። «50 ኦም» ብላ የሚስማማውን ልክ በወረቀት ጻፈችልኝ፤ ስባሪውንም ይዤ ወጣሁ። የጎልማሶች ትምህርት ከጀመርኩ ሰባት ወሬ ነው፤ ቁጥር ከፊደል ይቀለኛል።

ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ሺፋ የሚባል የዲሽ ዕቃ ነጋዴ አለ። የሰጠኝን አገላብጬ አየሁት።

«ልጄ፣ ይሄ ሰባ አምስት አይደለም እንዴ የሚለው?»

«ማዘር፣ ቁጥሩ ምን ያደርግልዎታል?» ብሎ ከተሰበረው ጋር አስተያየው። መልካቸው አንድ ነው። «ይገባል። ካልገባ አምጥተው አፌ ውስጥ ይክተቱት!»

የቆሙት ሁሉ ሳቁ። ፊቴ ጋለ። የመድኃኒቱንም የመብራት ቢሉንም ሰው እያነበበልኝ ነው የኖርኩት፤ ሰው ነው ካለ ነው። ወረቀቱን ሳላሳየው ገዝቼ ተመለስኩ።

ሃኒ ቸኩላ ገመዱ ጫፍ ላይ በየደችው።

«እማዬ፣ ሃምሳ ነው አይደል?»

«አዎ» አልኳት።

እኔን አምና ቁጥሩን አላየችውም። ሬዲዮው ላይ ጠመዘዘችው፤ ጥብቅ አለ። የመናገሪያውን ቁልፍ ልትጫን ስትል እጇን ያዝኳት።

«ቆይ! ሰባ አምስት ነው የሚለው። አንብቤዋለሁ።»

ደንግጣ ፈታችው። መሃሉ ላይ ያለችው መርፌ ቀጭን ናት፣ የሬዲዮው ቀዳዳ ደግሞ ሰፊ። ከላይ ቢጠብቅም ውስጡ በደንብ አይነካካም።

«ይሄ የቴሌቪዥን ነው። ብጫነው ኖሮ ኃይሉ መውጫ አጥቶ ወደ ሬዲዮው ተመልሶ ያቃጥለው ነበር። ለምን አዎ አልሽኝ?»

«ሰውዬው ሲያስቅብኝ፣ ያነበብኩት የተሳሳተ መሰለኝ።»

ይቆጡኛል ብሎ እንደሚጠብቅ ልጅ አንገቴን ደፋሁ። እሷ ግን ጉንጬን ሳመችኝ።

«የተሳሳተው እሱ ነው። ተነሺ፣ ሳይዘጉ አብረን እንሂድ።»

ጌጃ ሰፈር አንድ ሬዲዮ ጠጋኝ ዘንድ ሌላ ኮኔክተር አገኘን። ሃኒ ዕቃውን እንዳነበው ሰጠችኝ። የሰውየውን ፊት ሳላይ፣ «አምስት፣ ዜሮ» ብዬ አነበብኩ። ሃኒ ልክ ነሽ በሚል ራሷን ነቀነቀች።

ቤት ገብተን ሲገጠም መርፌዋ ልክክ አለች። ሃኒ ቁልፉን ተጭና ተናገረች። ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም ላይ ሆና የምትጠብቃት ጓደኛዋ ኤፊ ወዲያው መለሰች፦ «ሃኒ፣ ጥርት ብለሽ ነው የምትሰሚው!»

ልጄ እየዘለለች አቀፈችኝ። እኔ በትከሻዋ ላይ እጄን ዘርግቼ ሬዲዮውን ዳበስኩት። አልጋለም።