በፈቃዴ የሚል ወረቀት

ምን አስቸኮለው፣ ስድስት ወር ሙሉ ስፌትና ፊደል ስንማር አንድ ቀን በዚህ በር ብቅ ያላለ ሰውዬ ዛሬ ብዕር ይዞ ከአንዷ ወደ አንዷ ይዞራል፣ ተቆጣጣሪው ራሳያ፣ ጠዋት በዝናብ ሻይ ቅጠል ስንለቅም ዱላውን እየወዘወዘ እናንተ ሰነፎች የሚለን፣ አሁን እህቶቼ ይለናል። እህቶቼ። ከመቼ ወዲህ። ፈርሙ እህቶቼ፣ የምስክር ወረቀት መቀበያ ነው፣ ሌላ ነገር የለውም። ሌላ ነገር አለው ወይ ብሎ ማን ጠየቀው?

ድሮም አላመንኩም፣ መምህርት ቲላካ የስፌት መኪና አስጭና ከሀተን ከተማ የመጣች ቀን ለጓደኛዬ ለማሪያዪ ነግሬያታለሁ፣ እዚህ ተራራ ላይ በነጻ የሚገኝ አልቅት ብቻ ነው ብያት ስትስቅ ቅርጫቷ ከጀርባዋ ሊወድቅ። እሷ ግን ተመዘገበች፣ እኔም ተከተልኳት፣ ልጠብቃት ብዬ ይሁን፣ ቀርቼ እንዳይቆጨኝ ብዬ፣ እንጃ። መምህርቷም አትጥመኝም፣ ሳቅ ታበዛለች፣ እጇ ለስላሳ ነው፣ እናቴም ቅጠል ለቃሚ ነበረች ትላለች፣ ማን አይቷት። ግን አስተምራኛለች፣ እሱን አልክድም፣ በአርባ ሦስት ዓመቴ ፊደል ቆጠርኩ፣ የትራስ ልብስ ሰፋሁ፣ የአውቶቡሱ ግንባር ላይ የተጻፈውን አነበብኩ።

ወረቀቱ በኛው ቋንቋ በታሚል ነው። ካነበብኩት ምን ይመጣል። እኔ፣ ባዶ ቦታ፣ ስሜ የሚገባበት፣ ስልጠናውን፣ በሚገባ... ፓኪያም፣ ይላል ራሳያ፣ አንቺን እኮ ነው የምንጠብቀው፣ ሁሉም ፈርመዋል። ውሸት፣ አራት ናቸው የፈረሙት፣ ማሪያዪ ብዕሩን እንደያዘች እኔን እኔን ታያለች። እያነበብኩ ነው አለቃ። ምኑ ይነበባል? ፊደሉ ነዋ። ሴቶቹ አፋቸውን በሳሪ ልብሳቸው ጫፍ ሸፍነው ይስቃሉ፣ እሱ አልሳቀም። ለምን አልሳቀም።

በሚገባ መጨረሴን፣ ደስ እያለኝ፣ በ፣ ፈ፣ ቃ፣ ዴ።

ቆይ።

ይሄን ቃል አውቀዋለሁ፣ በዓይን ሳይሆን በጆሮ፣ ሁለተኛ ልጄን በወለድኩ ሳምንት ነርሷ የወተት ዱቄት መቀበያ ነው ብላ አውራ ጣቴን ቀለም አስነክራ አስፈረመችኝ፣ በማግስቱ ለማጽዳት ነው ብለው ሆዴን ቀደዱኝ፣ ከዚያ ልጅ የለ፣ አንድ ዓመት፣ ሦስት ዓመት፣ ሄጄ ብጠይቅ ሐኪሙ ወረቀት አወጣ፣ ማህፀንሽን ያስቋጠርሽው በፈቃድሽ ነው አለኝ፣ ይኸው ጣትሽ።

ጣቴን ከመስመሩ አላነሳም፣ በፈቃዴ፣ ከቅጠል ለቀማ ሥራዬ፣ ለቅቄ፣ እንደገና ላንብበው፣ ለቅቄ፣ ስፌት በግሌ ለመሥራት መስማማቴን። ሥራዬን ለቅቄ። ሥራ የለቀቀ የኩባንያውን ቤት ይለቃል፣ እዚህ ይሄን ሕፃንም ያውቀዋል፣ አማቴ የተኛችበት ክፍል፣ ልጄ የምታጠናበት ጥግ፣ የሚያፈሰው ጣሪያ፣ ቢያፈስም ጣሪያዬ ነው።

ማሪያዪ፣ ብዕሩን አስቀምጪ። የኔ ድምፅ ነው? ጮክ ብዬ አነባለሁ፣ እየተንተባተብኩ፣ ለቅቄ የሚለው ላይ ስደርስ የፈረሙት አራቱ ከጠረጴዛው ላይ የየራሳቸውን ይነጥቃሉ፣ አንዷ እዚያው ትቀደዋለች። ትናንት ፊደል ለምደሽ ዛሬ ሕግ ልታስተምሪን ነው? አምጪ ወረቀቱን። እኔ ጋ ይቆይ አለቃ፣ ስሜ ሊገባበት አይደል። መምህርቷ የማሪያዪን ተቀብላ ታነባለች፣ ፊቷ አመድ መስሏል፣ የኩባንያው ቢሮ ነው የሰጠኝ፣ አላነበብኩትም ትላለች። ማንበብ ያስተማረችን ሴት አላነበብኩትም ትላለች። እውነት ይሆን። ያ ሁሉ ሳቅ ለዚህች ወረቀት ነበር? ለዚህ ከሆነ ለምን አስተማረችን፣ አውራ ጣታችን አይበቃቸውም ነበር፣ ወይስ በእጅ የተጻፈ ስም ዳኛ ፊት ከጣት ይበልጣል፣ ለዚያ ይሆን ያስተማሩን።

ወረቀቱን አጥፌ በቀኝ በኩል ደረቴ ውስጥ እሸጉጣለሁ፣ እወጣለሁ፣ ማንም አይዘኝም፣ ወደ ሠራተኛ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት፣ ዳገቱን፣ በጭጋጉ ውስጥ። ከኋላዬ ኮቴ። ተረከዝ ያለው ጫማ፣ ከኛ ተረከዝ ያለው የሚጫማ የለም፣ የመምህርቷ ነው። ልትቀማኝ ይሆን። እትዬ ፓኪያም፣ እያለከለከች፣ አብሬሽ ልምጣ፣ ከቢሮው ማን እንደሰጠኝ ስሙን እናገራለሁ። እናገራለሁ ያለ ሁሉ ሲናገር አላየሁም። ወደ ኋላ አልዞርም፣ ግን መንገዱ ያዳልጣል፣ በዚያ ጫማ ትወድቃለች፣ እርምጃዬን ዝግ አደርገዋለሁ፣ ትንሽ፣ እስክትደርስብኝ ብቻ፣ በግራዬ በኩል ትሂድ፣ ወረቀቱ በቀኜ ነው።