ጠረጴዛ ላይ የተጻፈ ፕሮግራም

ከሰዓት በኋላ የኮምፒውተር ክፍሉ እንቅልፍ እንቅልፍ ይላል። የማሽኖቹ ማራገቢያ እሹሩሩ ሲል፣ መምህሩ በሕልሙ የሚሄድ ይመስል በወንበሮቹ መሀል ይንሳፈፋል። ለሁለት ተማሪ አንድ ኮምፒውተር ነው። ቀድሞ የጨረሰውን "ጎበዝ!" ይላል፤ የተቸገረ ሲያይ ደግሞ ኪቦርዱን ነጥቆ ራሱ ይጽፍለታል። ማስተማር ይሉታል እንግዲህ!

ጥግ ላይ የተቀመጠች ተማሪ ጣቶቿ ባዶ ጠረጴዛ ላይ ይሯሯጣሉ።

"ፒያኖ ነው እንዴ የኔ ልጅ?" አላት መምህሩ።

"ፕሮግራሙን እየጻፍኩ ነው መምህር" አለችና አጠገቧ ወደተቀመጠው ልጅ በአገጯ ጠቆመች። "ኪቦርዱን እሱ ነው የሚይዘው። እሱ ይፈጥናል።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከመጀመሪያው ቀን። ሦስት ወራችን ነው።"

መምህሩ እንደ ልማዱ እጁን ወደ ኪቦርዱ ሰደደ፤ ግማሽ መንገድ ላይ እጁ ራሱ አፈረና ተሰበሰበ።

"ቦታ ተለዋወጡ" አለ፤ ሁለቱንም እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ።

ልጅቷ ኪቦርዱ ፊት ተቀመጠችና አንዱን ፊደል ቀስ ብላ ተጫነች። እንደ ጠረጴዛው ደረቅ መስሏት ኖሮ፣ በመገረም ቀና አለች።

"ለካ ወደ ውስጥ ይገባል!"