ድንኳ ዶሮ የታቀፈቻቸው

ልብስ ሰፊዋ አንዲት ድንክ ዶሮ ነበረቻት፤ የምታሳድጋትም ሳሎን ውስጥ፣ ስፌት መኪናዋ ሥር ነው። ሰሞኑን ዶሮዋ አውራ ዶሮ ሳያገኛት የጣለቻቸውን እንቁላሎች ታቅፋ አልነሳም አለች፤ ጥሬ መልቀሟንም ተወች። ሴትዮዋ አንጀቷ አልቻለም። ከገበያ ሁለት ጫጩት ገዛችና ዶሮዋ ስታንጎላች እንቁላሎቹን አንስታ፣ በምትካቸው ጫጩቶቹን ቀስ ብላ ክንፏ ሥር ሸጎጠቻቸው።

በማግስቱ ጠዋት ድንኳ ዶሮ ጫጩቶቿን አስከትላ ምንጣፉ ላይ ስትንጎራደድ፣ ልብስ ሰፊዋ በማደጎ የምታሳድጋት ልጅ ቆማ ስታያት ቆየች።

«እማ፣ የሷ አለመሆናቸውን አታውቅም ማለት ነው?»

«እሷማ ምን ታውቃለች!» አለች እናት መርፌዋን አስቀምጣ። «እኔ ግን አውቄ ነው ያመጣሁሽ።»

ልጅቷ እናቷ አጠገብ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ጫጩቶቹን ስታይ ትምህርት ቤት ረፈደባት።