ኳስ ለቀለበች ስምንት ነጥብ

የሳራንግ ሻይ ቤት አግዳሚ ላይ የሚቀመጡትን ሰዎች ሳይ ያቅለሸልሸኛል። ዛሬ የጀመረኝ አይደለም። ከመካከላቸው ከዛፍ የወደቀ ሎሚ እንኳ ቀልቦ የሚያውቅ የለም። ቁርስ በበሉት የሩዝ ጥብስ፣ በፖሃ፣ ዘይት የወዛ ጣታቸውን ስልካቸው ላይ እየለቀለቁ ስለ ሰው ልጆች ያወራሉ። "ያቺ ቀጭኗ አትረባም፣ አውጣት።" "ረጅሟስ?" "ረጅሟን ያዛት፣ ትጠቅምሃለች።" የሚያወሩት በአምራቫቲ ሜዳ ክሪኬት ስለሚጫወቱ የአስራ ስድስትና የአስራ ሰባት ዓመት ልጆች ነው። አንደኛዋ የእኔ ልጅ ናት።

ጨዋታውን ያመጣው ሳራንግ ነው። የወረዳው የሴት ልጆች ውድድር ሲጀመር እያንዳንዱ ደንበኛ በስልኩ አስራ አንድ ልጆች ይመርጣል፤ ልጆቹ ሜዳ ላይ በሠሩት መራጩ ነጥብ ያገኛል። ኳስ ከአየር ላይ ለቀለበች ስምንት ነጥብ፣ መራጩ አለቃ ብሎ የሰየማት ልጅ ከሆነች እጥፍ። ውድድሩ ሲያልቅ አንደኛ የወጣው ሰው ቬንትሌተር ይሸለማል። በሚያዝያ ሙቀት ቬንትሌተር እዚህ ቀልድ አይደለም።

እኔ ናምዴቭ የሜዳው ጠባቂ ነኝ። ሣሩን አጠጣለሁ፣ መሬቱን እደለድላለሁ፣ የድንበሩን መስመር በኖራ አሰምራለሁ። በጉብዝናዬ ዘመን ግን ሾርት ሌግ እቆም ነበር። ከመቺው አራት እርምጃ ላይ አጎንብሰህ ዱላው የላከልህን በደረትህም በጣትህም መቀበል ማለት ነው። ሁለት ጣቶቼ እስከ ዛሬ አይታጠፉም።

"ካካ፣" አለኝ ሳራንግ አንድ ማለዳ። የአባቱ ታናሽ ወንድም የሆንኩ ይመስል ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚጠራኝ። "ኳሱ ወዴት እንደሚሄድ ካንተ በላይ የሚያውቅ አለ? እስቲ አስተምረን።"

"ሂድና ራስህ ቆመህ ተማር።"

"እኔ ከቆምኩ ሻዩን ማን ያፈላልሃል?"

ተሳሳቁ። ተነስቼ መሄድ ነበረብኝ። ግን ሃያ ዓመት ሙሉ ስለ ጨዋታው የጠየቀኝ ሰው አልነበረም፤ ስጠየቅ ደስ አለኝ። ብስኩቶቹን ከሳህኑ አነሳሁና አግዳሚው ላይ መደርደር ጀመርኩ።

"ይቺ መቺዋ ናት። ከኋላዋ፣ እንጨቶቹን ከምትጠብቀው ከዊኬት ጠባቂዋ ጎን ያለችው ስሊፕ ናት። ኳሱ አዲስ ሳለ የዱላውን ጠርዝ ነክቶ የሚያመልጠው ወደ እሷ ነው። ግን ጨዋታው አጭር ነው፣ ትንሽ ቆይተው ከዚያ ያነሷታል። ስለዚህ ስሊፕ ናት ብላችሁ ብቻ አትምረጡ፤ እስከ መቼ ነው የምትቆመው በሉ።"

"መጨረሻ ላይስ?"

"መጨረሻ ላይ ሁሉም ወደ ሰማይ ነው የሚመታው። ንፋሱ ደግሞ ከውሃ ማማው በኩል ይመጣል። ከወርዋሪዋ ጀርባ፣ ድንበሩ ጋ፣ ሎንግ ኦን የምትቆመውን ያዙ። ኳሱ ራሱ መጥቶ እጇ ላይ ይወድቃል።"

"ሾርት ሌግስ፣ ካካ?"

"እሷ ሰምበር እንጂ ነጥብ የላትም።"

ሳራንግ ስሊፏን አንስቶ ሻዩ ውስጥ ነከረና በላት።

በማግስቱ እኔም ስልኬን አወጣሁ። ለመሞከር ያህል ነው ብዬ ራሴን ሸነገልኩ። ሎንግ ኦን የምትቆመውን ኦቪን አለቃ አደረግኳት። ልጄ ኬታኪ ግን የምትቆመው መሀል ነው፤ ከመቺዋ ሠላሳ እርምጃ ርቃ፣ እየተወረወረች ኳሱን ታግታ መቺዎቹ እየሮጡ የሚቆጥሩትን ሩጫ ታስቀራለች። ክርኗና ጉልበቷ ተልጦ ነው የሚያድረው። ሩጫ ላስቀረች በሳራንግ ጨዋታ ነጥብ የለም። ስለዚህ ተውኳት።

የፍጻሜው ቀን እሁድ ነበር። የክልሉን ወጣት ቡድን የምትመርጠው ሴትዮ ነጭ ባርኔጣዋን አድርጋ፣ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ተቀምጣለች። አንድ ቦታ ብቻ ቀርቷት ነበር፤ የምትፈልገውም ሜዳ ላይ ኳስ የማያመልጣትን ልጅ ነው። ለኬታኪ የተፈጠረ ቦታ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ዕድሜዋ ስለሚያልፍ ሌላ እሁድ አልነበራትም። ጠዋት ፀጉሯን እየጎነጎነች "አባዬ፣ ፈርቻለሁ" አለችኝ። "ኳሱ ሲመጣ ይለቅሻል" አልኳት።

አንድ ነገር ልናገር። እኔ በወጣትነቴ አንድ ወደ ላይ የተመታ ኳስ ስር ከጓደኛዬ ጋር ተላትሜ ሦስት ጥርሴን አጥቻለሁ። በዚህ ምክንያት ኬታኪን ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ፣ ከኦቪና ከሰፈር ልጆች ጋር አቁሜ፣ ኳስ ሽቅብ እየወረወርኩ አንድ ሕግ አስተማርኳት። ስሟ የተጠራ ልጅ ትሄዳለች፣ ሌላዋ ባለችበት ትቆማለች። ኳሱ መዳፏ ላይ ሊያርፍ ቢሆን እንኳ ትቆማለች። አሥር ዓመት ሙሉ ስም ጠሪው እኔ ነበርኩ።

መጨረሻዋ ኳስ ላይ ተደረሰ። ተጋጣሚዎቹ ሁለት ሩጫ ካገኙ ያሸንፋሉ፤ ኳሷ ከአየር ላይ ከተቀለበች ግን ድሉ የእኛ ነው። እኔ ድንበሩ ጋ ቆሜያለሁ፤ ከኋላዬ እነ ሳራንግ ጉትካ የሚሉትን ትምባሆ እያኘኩ ሣሬ ላይ እንትፍ ይላሉ። ስልኬን አየሁ። ከአንደኛው የምርቀው አስራ ሁለት ነጥብ ነው። ኦቪ አንድ ብትቀልብ አስራ ስድስት አገኛለሁ።

መቺዋ ወደ ሰማይ አጎነችው። ኬታኪ ዞራ፣ አንገቷን አቅንታ ወደ ኋላ ሮጠች። አሯሯጧን አውቀዋለሁ፣ የእኔ ነው። ኳሱ ሳይወርድ እሷ ስሩ ልትደርስ ምንም አልቀራትም ነበር። ኦቪ ገና ከድንበሩ መነሳቷ ነው። ዊኬት ጠባቂዋ የኬታኪን ስም ልትጠራ አፏን ከፈተች።

"ኦቪ!"

ድምፁ የእኔ ነበር። አፌን ሳልዘጋ አወቅሁት። ኬታኪ እጇን ዘርግታ ሳለ ቀጥ ብላ ቆመች። ኳሱ ከፊቷ ሁለት ክንድ ርቆ ወደቀ፣ ነጠረ፣ ትንፋሽ ያጠራትን ኦቪን አልፎ ማለዳ ያሰመርኩትን ኖራ ተሻገረ፤ አራት ሩጫ ሆነ። ተጋጣሚዎቹ እየጮኹ ሜዳ ገቡ። ሴትዮዋ አንድ ነገር ጻፈችና ደብተሯን ዘጋች።

"አይ ካካ፣" አለ ሳራንግ ትከሻዬን ይዞ፣ "ኦቪህ ጉድ ሠራችህ።" ትንፋሹ ጉትካ ጉትካ ይላል። እጁን አራገፍኩት፤ ግን የቀፈፈኝ እሱ አልነበረም። የገዛ አፌ ውስጥ ያለው ጣዕም ነበር። ወደ ቧንቧው ሄጄ ደጋግሜ ተጉመጠመጥኩ። አልለቀቀኝም።

ወደ ቤት ስንሄድ ሻንጣዋን ልሸከምላት ብል ከለከለችኝ። የውሃ ማማው ጋ ስንደርስ ነው የተናገረችው።

"የጠራኸው አንተ ነህ አይደል?"

"እኔ ነኝ።"

"ኦቪ እኮ ሩቅ ነበረች።"

"አይቻለሁ።"

ሻንጣዋን ወደ ሌላው ትከሻዋ አዛወረች። የሳራንግን ጨዋታ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል፤ እሷም ታውቀዋለች።

"አባዬ፣ እስቲ እውነቱን ንገረኝ። ከመረጥካቸው አስራ አንዶቹ ውስጥ እኔ አለሁ?"

ስልኩ ኪሴ ውስጥ ነበር። መዋሸት እችል ነበር፤ አሳየኝ አትለኝም፣ እንደዚያ ዓይነት ልጅ አይደለችም።

"የለሽም" አልኳት።