ከኮርኒሱ በላይ

«ባትሪውን ትንሽ ዝቅ ያድርጉልኝ፣ አባባ» አለች ጠጋኟ፣ ግማሽ አካሏ ከልብስ ማድረቂያው ጀርባ ተሸጉጦ።

ሽማግሌው ዝቅ አደረጉላት። ጉልበታቸውን እያመማቸው ነው፤ ቢሆንም ቁጭ በሉ ሲባሉ እሺ አላሉም። በገዛ ቤታቸው ሰው ሲሠራ ቆመው ካላዩ አይሆንላቸውም። አርባ ዓመት በግንበኝነት ኖረዋል። ያቆሙት ግድግዳ ዘሞ ስለማያውቅ የሠፈሩ ሰው ግንበኛ ግድግዳ በሚያቀናበት ባለክብደት ገመድ ስም «ጋሽ ቱምቢ» ይላቸዋል።

ማድረቂያው ከትናንት በስቲያ ጀምሮ መሽከርከሩን ይሽከረከራል እንጂ አይሞቅም። ከዚያ በፊትም አንድ ዙር ልብስ ለማድረቅ ሦስት ሰዓት ይፈጅ ነበር። ዝናቡ ሁለት ሳምንት ሙሉ አላባራም፤ የአራት ወር መንትዮች ባሉበት ቤት ይህ ቀልድ አይደለም። የወንበሩ መደገፊያ፣ የበሩ እጀታ፣ የመስኮቱ ብረት ሁሉ እርጥብ የሕፃን ልብስ ለብሷል። ምራታቸው ሴቷን ሕፃን አዝላ፣ ወንዱን አቅፋ በሩ ላይ ቆማለች።

«እኔ እኮ የማሽኑን ማጣሪያ በየዙሩ ነው የማጸዳው» አለች ለሦስተኛ ጊዜ።

ለጠጋኟ የምትነግር ትምሰል እንጂ ነገሩ ለአማቷ ነበር። ሽማግሌው ከወር በላይ «ማጣሪያውን እየረሳሽው ይሆናል» ሲሏት ከርመዋል።

ጠጋኟ ከማሽኑ ሆድ አንዲት የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ነገር ፈታ አወጣች። ኤሌክትሪክ ሲያልፍ የሚጮኸውን የቴስተሯን ሁለት ሽቦዎች ጫፍና ጫፏ ላይ አስነካች። ቴስተሩ ዝም አለ።

«ፊውዙ ሞቷል። ማሽኑ ከልክ በላይ ሲግል ሙቀቱን የሚያቋርጠው እሱ ነው።»

«ተገኘ በይኛ! ቀይሪውና እንገላገል» አሉ ሽማግሌው።

«መቀየሩማ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ግን እሱ ሟች ነው እንጂ ገዳይ አይደለም። ገዳዩን ሳልይዝ አዲስ ባስገባ፣ እሱንም ይገድልብኛል።»

ከማሽኑ ጀርባ የሚወጣውን ነጭ የላስቲክ ቱቦ ነቀለችና ወደ ውስጡ አየች። በግራጫ ብናኝ እንደ ትራስ ጢም ብሏል። ከዚያ ዓይኗን በቱቦው ላይ አስኬደች፤ ቱቦው ግድግዳውን ታኮ ሽቅብ ይወጣና ኮርኒሱን በስቶ ይጠፋል።

«ይሄ ወዴት ነው የሚወጣው?»

ምራትየዋ መሬት መሬት አየች።

«ወደ ላይ» አሉ ሽማግሌው።

«ላይ የት? በጣሪያው በኩል ወደ ውጭ?»

«ኮርኒሱ ውስጥ። ሰፊ ነው፤ አየር እንደሆነ መውጫ አያጣም ብዬ።»

«ማን ነው የሠራው?»

«እኔ ነኛ!» ድምፃቸው ካሰቡት በላይ ጮኸ። ወንዱ ሕፃን ደንግጦ አለቀሰ።

ጠጋኟ መሰላል ጠየቀች። የኮርኒሱን መውጫ ገፍታ እስከ ወገቧ ገባችና ረዘም ላለ ጊዜ ቆየች። ስትወርድ ሻሿ ግራጫ ሆኗል፤ የያዘችውንም ጭብጥ ሙሉ ነገር ሽማግሌው መዳፍ ላይ አኖረችው። ባዘቶ ይመስላል፤ ክብደት የለውም።

«ከየልብሱ የሚረግፍ ብናኝ ነው» አለች በዝግታ። «አየሩ ይዞት ይወጣል፤ መውጫ ሲያጣ እዚያው ይከመራል። ይሄ ነገር ክብሪት አይፈልግም፣ ብልጭታ ይበቃዋል። ላይ ደግሞ የመብራቱ ሽቦ ላይ ተኝቷል። ፊውዙ ባይቃጠል ኖሮ...» ሕፃናቱን አየችና ተወችው።

ሽማግሌው መሰላሉን ያዙ።

«አባባ፣ ጉልበትዎ!» አለች ምራትየዋ።

«ጉልበቴን ተይው።»

ወጡ። ባትሪያቸውን ሲያበሩ ሁለት ዓመት ሙሉ የታጠበው የቤተሰቡ ልብስ ሁሉ እዚያ ተኝቶ ጠበቃቸው። የእሳቸው ብርድ ልብስ ግራጫ ብናኝ አለ፤ የአዲሶቹ ፎጣዎች ሐምራዊም በላዩ ላይ በስሱ ተነጥፏል። እንጨቱ ከእርጥበቱ የተነሣ ጠቋቁሯል። ቤቱን የሠሩት እሳቸው ናቸውና የትኛው አግዳሚ በየትኛው ክፍል ላይ እንደሚያልፍ ያውቃሉ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ ቆጠሩ። ክምሩ የበረታው አራተኛው ላይ ነው። ከአራተኛው ሥር የመንትዮቹ አልጋ አለ።

ሲወርዱ እያንዳንዱን እርከን በእግራቸው እየፈለጉ ነበር። መሬት ሲረግጡ ወደ ምራታቸው ዞሩ።

«ማጣሪያውን አልረሳሽም።»

«ይተዉት፣ አባባ።»

«አልተወውም። አንቺን ስነዘንዝ ከረምኩ፤ ጥፋቱ ግን የእኔ ነው።»

እዚህ ቤት ከገባች አምስት ዓመቷ ነው፤ እንዲህ ያለ ቃል ከአፋቸው ሰምታ አታውቅም። ወንዱን ሕፃን «ይያዙልኝማ» ብላ ሰጠቻቸው። እሳቸውም እንደ ዋዛ ተቀበሏት፤ ግን ሕፃኑን አጥብቀው ነበር የያዙት።

ጠጋኟ ከማሽኑ ጀርባ ያለውን የድንጋይ ግድግዳ አንኳኳች። «አጭሩ መንገድ ይሄ ነው። ቱቦው ባጠረና ቀጥ ባለ መጠን ብናኙ መቀመጫ ያጣል። ግድግዳውን መንካት ካልፈለጉ ግን ከመስኮቱ አንዱን መስታወት አውጥተን...»

ግድግዳውን መንካት አልፈለጉም ነበር። የዛሬ ሁለት ዓመት ማሽኑን ያመጣው ሰውም ይህንኑ ሲላቸው ተቆጥተው ነው የመለሱት። እያንዳንዷን ድንጋይ ራሳቸው ጠርበው ያቆሙትን ግድግዳ ለአንድ ቱቦ ብሎ መብሳት ንቀት መስሏቸው ነበር። አሁን ግድግዳውን ትክ ብለው አዩት። ሕፃኑ የሸሚዛቸውን ቁልፍ እየጎተተ ነው።

«የአንቺ መብሻ ይሄን ድንጋይ አይደፍረውም» አሉ። «ሙሉ ድንጋይ ነው የምናወጣው። ይቺኛዋን።»

«ለምን እሷን?»

«ግድግዳውን ሳቆም ጥሩ ድንጋይ አልቆብኝ በስባሪ የሞላኋት ናት። ሠላሳ አንድ ዓመት ሰው እንዳያይብኝ ስጸልይላት ኖሬአለሁ።»

ጠጋኟ ሳቀች። እሳቸውም ሳይወዱ ሳቁ።

ዝናቡ ጋብ ባለበት ሰዓት በመሮና በመዶሻ ዙሪያዋን ፈልፍለው ድንጋይቱን አወጧት። ጠጋኟ በላስቲኩ ምትክ የብረት ቱቦ ለክታ ቆረጠች። ሽማግሌው ቱቦው ላይ ውሃ ልክ ጥለው ጫፉን ወደ ውጭ ትንሽ ዘንበል አደረጉት፤ ውሃ እንዳይቋጥር።

«ይህንን እኔ ልነግርዎ ነበር» አለች።

«ቀደምኩሽ። አፉ ላይስ ወንፊት ሽቦ እናድርግ? አይጥ እንዳይገባ።»

«ወንፊቱ ብናኙን ይይዝና በዓመቱ እንደገና እንተያያለን። ይቺ ክዳን ትበቃለች፤ አየሩ ሲገፋት ትከፈታለች፣ ሲያቆም ትዘጋለች።»

«መጋጠሚያውን በብሎን ልምታው?»

«አይሆንም። የብሎኑ ጫፍ ወደ ውስጥ ገብቶ ብናኝ ያንጠለጥላል። በብረት ፕላስተር ነው የምናሽገው።»

«እሺ፣ አለቃ» አሉ። አርባ ዓመት ሙሉ አለቃው እሳቸው ነበሩ። ጠጋኟ ሻሿን አስተካከለች፤ ደስ እንዳላት ግን አልተደበቀም።

ኮርኒሱን በመጥረጊያ ማሽን እየሳቡ ሲያጸዱ ሁለቱም ወፍጮ ቤት የዋሉ መሰሉ። አዲሱ ፊውዝ ገባ፤ ማድረቂያውም ተነሣ። ሽማግሌው ወደ ውጭ ወጥተው መዳፋቸውን ክዳኗ ፊት ዘረጉ። ሳሙና ሳሙና የሚል ሞቅ ያለ ንፋስ መጣ። እንደ ልጅ ሌላኛውንም መዳፍ ጨመሩ። ከአርባ ደቂቃ በኋላ ምራትየዋ ፎጣ አወጣችና ጉንጯ ላይ ለጠፈችው፤ ለጥፋው ቀረች። ከዚያ ከየበሩ እጀታ፣ ከየወንበሩ ልብስ መልቀም ጀመረች።

ሻይ ቀረበ። ጠጋኟ ዕቃዋን እየሰበሰበች «ማጣሪያውን አሁን እንደምታደርጊው በየዙሩ፣ ቱቦውን ደግሞ በዓመት አንዴ ማጽዳት ነው» አለች ለምራትየዋ። «ቤት ጥላችሁ ስትወጡ ወይ ስትተኙ እንዳታስነሡት።»

ሽማግሌው ብርጭቋቸውን አልነኩም።

«ምነው አባባ? ደከመዎት?»

«ሁለት ቤት አለ» አሉ።

«የምን ሁለት ቤት?»

«ግድግዳ ሳይበሳ ተሠራ ብለው የሠፈሩ ሰዎች ሲያደንቁልኝ ጊዜ... ለፀጉር አስተካካዩም እንዲሁ ሠራሁለት። ለጡረተኛዋ ነርስም።»

ጠጋኟ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። ምራትየዋ ስልኳን አነሣች፤ ከዚያ ድምፅዋን ለስለስ አድርጋ «ባለሙያ መጥታ ቱቦአችሁን አስመርምሩ አለች ልበላቸው። የእርስዎ ስም መነሣት የለበትም» አለች።

ሽማግሌው አሰቡበት። ደግ ሐሳብ ነው። ሰዎቹም ቢሆኑ አይጠይቁም፤ የጋሽ ቱምቢ ሥራ ተበላሸ ብሎ የሚገምት የለም።

«ደውዪና ማሽኑን አሁኑኑ አጥፉት በያቸው» አሉ። «ለምን ካሉሽ የሠራው ሰው ራሱ እየመጣ ነው፣ ይነግራችኋል በይ።»

መሮና መዶሻቸውን በጆንያ ከተው ጫማቸውን ማሰር ጀመሩ።

«ከማን ይጀምራሉ?» አለች ጠጋኟ።

«ከፀጉር አስተካካዩ። ፎጣ ሲያደርቅ ነው የሚውለው። አንቺ ሻይሽን ጨርሰሽ ድረሽብኝ፤ መጀመሪያ እኔው በአፌ ልንገረው» አሉና ወጡ።