የድንቡሼ ውሃ

የናቦር መሬት በደጋው ሶቺሚልኮ ቦዮች መካከል ነው። አራቱም ጎኑ ውሃ፣ መግቢያ መውጫው ታንኳ። ሰላጣና አበባ ያለማበታል። ሚስቱ ኦቲሊያ ዕድሜዋን በዚያ እርጥበት ኖራ ኖራ በመጨረሻ ሳንባዋ እምቢ አለ። ሐኪሙም «ወይ ቆላ ውረጂ፣ ወይ ከሳልሽ ጋር ተስማምተሽ ኑሪ» አላት። ሴት ልጃቸው የምትኖረው ሜሪዳ ነው፤ ጥላ ሥር የተቀመጠን ሰው እንኳ የሚያልብ አገር። ኦቲሊያ ወደዚያው ሄደች። ናቦር ግን መሬቱን ለማን ጥሎ ይሂድ? «ሰላጣው ይነሳና እመጣለሁ» አላት። ሰላጣው ተነሳ፤ ሌላ ተተከለ። እሱም ሲነሳ ሌላ ተተከለ። እንዲህ እንዲህ እያሉ ዓመቱ ዞረ።

ስትሄድ አሆሎቴዋን ትታለት ነበር። አሆሎቴ የእነዚያ ቦዮች ልጅ ነው። አራት እግር አለው፣ እንደ እንሽላሊት ጅራት አለው፣ ግን ዕድሜ ልኩን ከውሃ አይወጣም፤ የሚተነፍስበት ስንጥብ ከአንገቱ ግራና ቀኝ እንደ ላባ ተበትኖ ይወዛወዛል። ዛሬ ዛሬ በቦዮቹ ውስጥ ማየት ብርቅ ነው። የኦቲሊያዋ በሰው ቤት የተፈለፈለች፣ ጥቁር፣ ሆዳም ሴት ናት፤ ስሟንም ድንቡሼ ብላታለች። ይዛት ልትሄድ አስባ ነበር። ግን ለእሷ ሳንባ መድኃኒት የሆነው ሙቀት ለድንቡሼ ሞት ነው፤ አሆሎቴ ቀዝቃዛ ውሃ ካላገኘ አይኖርም።

ናቦር መጀመሪያ ላይ ለእንስሳዋ ግድም አልነበረው። ከእርሻ ሲገባ ቤቱ ጭር ይልበታል። ወንበሩን ስቦ የመስታወት ገንዳው አጠገብ ሲቀመጥ ግን ድንቡሼ በእነዚያ ሕፃን መሳይ ጣቶቿ አሸዋውን እየረገጠች ወደ እሱ ትመጣለች። ትል ይሰጣታል። ትንሽ ቆይታ ደግሞ ትመጣለች፤ ደግሞ ይሰጣታል። እየቆየ ነገሩ ልማድ ሆነ።

በሚያዝያ ሙቀቱ ጠና። አንድ ጠዋት ናቦር ሲነሳ ድንቡሼ በጎኗ ዘማ ውሃው ላይ ተንሳፋለች። ላባዎቿ ሟሽሸው ወደ ፊት ተቆልምመዋል፤ ጫፋቸው ላይ እንደ ጥጥ ያለ ነጭ ሻጋታ በቅሏል። ማታ የሰጣት ትል እንዳለ ነው። በጣቱ ነካ ሲያደርጋት እግሯን ብቻ ትንሽ አንቀሳቀሰች።

በዚህ መሐል አበልጁ ኤልፒዲዮ ታንኳውን አስጠግቶ ገባ። ጎረቤት ነው፤ አፉ ግን ልጓም የለውም።

«አበልጄ፣ ይቺማ አለቀላት» አለ ጎንበስ ብሎ እያየ። «አፍላትና ሽሮፕ አድርጋት። ለኦቲሊያ ሳል ትሆናታለች።»

ናቦር ቀና ብሎም አላየው። የአሆሎቴ ሽሮፕ ለሳንባ ይበጃል የሚል የቆየ እምነት አለ። የኦቲሊያ ሳል የባሰ ጊዜ የናቦር አክስት አንድ ጠርሙስ ይዘውላት መጥተው ነበር። ኦቲሊያ ጠርሙሱን በአክብሮት መለሰችላቸው፤ ሲወጡ ለናቦር «የድንቡሼን ዘመድ ጠጥቼ ከምድን፣ እያሳልኩ ልሙት» አለችው።

«ቀልዴን እኮ ነው» አለ ኤልፒዲዮ፣ የናቦር ፊት ሲከፋበት አይቶ። «በረዶ ይረዳት ይሆን? ሚስቴ ማቀዝቀዣ ውስጥ አታጣም።»

«አምጣ እስቲ።»

ናቦር ወደ ሜሪዳ ደወለ። የኦቲሊያ ድምፅ ጥርት ያለ ነው፤ ከሄደች ወዲህ አትስልም። ይህ ደስ ይለዋል፤ ደግሞ ያሳዝነዋል።

«ድንቡሼ ታማለች» አላት።

«ገልብጠህ እንዳትይዛት» አለች። «ውሃው ነው። እነሱ ሲታመሙ መጀመሪያ የታመመው ውሃው ነው። የወንድሜን ልጅ ጥራት፤ ሲትላሊ የእንስሳ ሕክምና እየተማረች ለዚህ ካልሆነች ለምን ልትሆን ነው?»

ሲትላሊ ከሰዓት መጣች። ከገንዳው ውሃ በትንሽ ብልቃጥ ቀድታ መመርመሪያ ጠብታ ጨመረችበት። ውሃው አረንጓዴ ሆኖ እየጠቆረ ሄዶ የስፒናች ቅጠል መሰለ።

«አጎቴ፣ ይሄ እኮ መርዝ ነው። አሞኒያ ሞልቶታል።» እጅጌዋን ሰብስባ ድንጋዮቹን አነሳች። ከሥራቸው የበሰበሰ ትል በእፍኝ ወጣ፤ ሽታው ቤቱን ሞላው። «በቀን ስንት ጊዜ ነው የሚያበሏት?»

«ስትመጣ ነዋ።»

«ሁሌም ትመጣለች እኮ። ሆዳም ናት።»

ናቦር ኮፍያውን አውልቆ በእጁ አዟዟረው። «እዚህ ቤት ወደ እኔ የሚመጣ ሌላ ማን አለ?» አለ።

ሲትላሊ ቀስ ብላ የሚደረገውን አሳየችው። ድንቡሼ ለብቻዋ በንጹሕ ሳፋ ትቀመጣለች፤ ውሃዋ በየቀኑ ይለወጣል። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለበትና ማጥፊያ ጠብታ ሳይጨመርበት አይነካትም። ለሻጋታው ጥቂት ደቂቃ የጨው ውሃ፣ ከዚያ መልሶ ንጹሕ ውሃ። ሙቀቱን በቴርሞሜትር እያዩ፣ በረዶ የሞላ ጠርሙስ ከዳር ማስቀመጥ። ብርሃን እንዳያስጨንቃት ጨርቅ መጣል። «ምግብ ደግሞ እኔ እስክል የለም» አለችው።

ናቦር ሳፋውን የቤቱ ቀዝቃዛ ክፍል አስገባው፤ መኝታ ቤት፣ በኦቲሊያ በኩል፣ አልጋው ሥር። ሳፋው ላይ ባጎነበሰ ቁጥር ትራሷን ያያል። ኤልፒዲዮ ጠዋት ጠዋት በረዶ ያመጣል፤ «የታማሚዋ ቁርስ ደርሷል» እያለ። ኦቲሊያ ትደውላለች። ትናንት የጠየቀችውን ዛሬም ትጠይቃለች፤ ናቦርም ሳይሰለች ይመልሳል። ድሮ ስልኳን የሚያነሳው ለሁለት ቃል ነበር፦ ደህና ነኝ፣ ደህና ሁኚ። አሁን ስለ ላባ ጀምረው ስለ ዝናብ፣ ስለ ሟች ጎረቤት፣ እሷ ስላልለመደችው ዓሣ ወጥ ያወራሉ።

ሳምንት አልፎ ጥጥ መሳዩ ሻጋታ ተላጠ። ድንቡሼ መንሳፈፍ ትታ ሳፋው ግርጌ ተኛች። አንድ ቀን ሲትላሊ «አሁን ትንሽ ይሞክሩ» አለችው። ናቦር ቁራጭ ትል በመቆንጠጫ አስጠጋላት። ረጅም ጊዜ ዝም ብላ ቆየች፤ ከዚያ በድንገት ላፍ አደረገችው።

ናቦር እጁን ሳይታጠብ ደወለ። «በላች» አላት።

ኦቲሊያ አለቀሰች፤ ሳታሰማው ልታለቅስ ብትሞክርም ያውቃታል። ስትረጋጋ «ስማኝ አንተ ሽማግሌ» አለችው። «ስናፍቅህ ለድንቡሼ ትል አትስጣት። ለእኔ ደውልልኝ።»

«ታዲያ ቀኑን ሙሉ ልደውል ነው?»

«ደውላ።» ቀጠለችና «ሰላጣው መቼ ነው የሚነሳው?» አለች።

የለመደው መልስ አፉ ላይ ነበር። አልወጣለትም። «እስቲ አንድ ሰው ላነጋግር» አላት።

ያን ከሰዓት ታንኳውን ቀዝፎ ኤልፒዲዮ ዘንድ ሄደ። ኤልፒዲዮ መሬቱን እስከ በጋ በእኩል ሊያርስለት ተስማማ። «አበባዬን ብታጠወልግብኝ ግን መጥቼ ሽሮፕ የማደርገው አንተን ነው» አለው ናቦር፤ ሁለቱም ሳቁ። ድንቡሼን ሲትላሊ ከነገንዳዋ ወሰደቻት።

ሜሪዳ ሲደርስ ኦቲሊያ አውቶቡሱ በር ላይ ቆማ ነበር። ወፍራለች፣ ፀሐይ አጥቁሯታል። ደረቱ ላይ ተለጥፋ ብዙ ቆየች፤ ትንፋሿ ሳይሰበር ሲገባ ሲወጣ ሰማው። ለዚህ ነው የላክኳት አለ በልቡ። ለዚህም ነው እዚህ የምትቀረው።

ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሲያደክማቸው ጥላ ሥር በተንጠለጠሉ የገመድ አልጋዎች ጎን ለጎን ይተኛሉ። ናቦር በላብ ርሶ ዓይኑን ይጨፍናል፤ እጁ ግን መቅዘፊያ የያዘ ይመስል ይጨበጣል። አንድ ቀን ኦቲሊያ ይህን አየች። ከአልጋዋ እጇን ዘርግታ ጭብጡን ፈታችው።

«ጠዋት ጠዋት ጉሙ አሁንም እስከ ዛፎቹ ወገብ ይደርሳል?» አለችው።

«ይደርሳል።»

«ንገረኝ እስቲ። ከቤት ከወጣህበት ጀምር፤ ምንም እንዳታስቀር።»

ናቦር ታንኳውን ከግንዱ ከሚፈታበት ጀመረ። ቀዝቃዛው ገመድ፣ ከመቅዘፊያው ጫፍ የሚንጠባጠበው ውሃ፣ ጭቃው ላይ በአንድ እግሯ የቆመችው ነጭ ወፍ። ትልቁ ቦይ ጋ ሲደርስ ወሬውን አቆመ። ኦቲሊያ እጁን እንደያዘች እስኪቀጥል ጠበቀችው።